ፈቃድ የሌለው አረንጓዴ እሳት

በግቢያችን «ኬሚስቷ» የሚሉኝ ለክብር አልነበረም። ስሙን ያወጡልኝ የጎን ጎረቤታችን ወርቅ ሠሪው ናቸው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በራችን ደፍ ላይ ተቀምጬ ጫፉን የመዳብ ዝገት ያስነካሁትን ሽቦ በቡታጋዙ ነበልባል ላይ ስይዝ ደረሱ። ሰማያዊው ነበልባል አረንጓዴ ሆነ። እኔ ትንፋሼን ውጬ ስመለከት እሳቸው ጎንበስ ብለው አዩና ግቢው ሁሉ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«ወይ ጉድ! መንግሥት ዓመታት ሙሉ ያስተማረሽ ለዚህ ነው? ትራፊክ መብራት እንድትሆኚ?»

ከየበሩ ሳቅ ተሰማ። ከሁሉም በላይ የሳቀችው አክስቴ ነበረች። ልብስ ታሰጣ ነበር፤ መቆንጠጫውን ከአፏ አውጥታ «እኔን እኮ ቀይ ላይ ነው ያቆመችኝ፣ ጋሼ» አለች። «ይኸው ከተመረቀች ጀምሮ ቆሜያለሁ፣ አታሳልፈኝም።»

ቡታጋዙን አጠፋሁ። እንዲህ ዓይነት ነገር ሲገጥመኝ መልሱ የሚመጣልኝ ከብዙ ቀን በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ የሚሰማኝ ሰው የለም።

አክስቴ እናቴ ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ ናት። ግቢያችን ከጊዮርጊስ ወደ ታች ሲወርዱ ካሉት አሮጌ የቀበሌ ቤቶች አንዱ ነው። በአንድ የእንጨት በር የሚገቡ፣ አንድ ቧንቧና አንድ ሽንት ቤት የሚጋሩ ጥቂት ቤተሰቦች ይኖሩበታል። ኬሚስትሪ ተምሬ ስመለስ የተቀበለኝ ይህ ግቢ ነው። ሥራ አላገኘሁም። ሰፈሩ ሥራ ያጣን ሰው የሚምረው ተጫዋች ከሆነ ብቻ ነው፤ እኔ ደግሞ ሰላምታ እንኳ ጮክ ብዬ አልችልም።

እሳቱን የጀመርኩት በቁጭት ነው። ዩኒቨርሲቲ እያለን የላብራቶሪው ዕቃ ለሁላችን አይበቃም ነበር። ረዳቱ ሽቦውን ይይዛል፣ ፊት የቆሙት ያያሉ፣ ከኋላ ያለነው በሰው ትከሻ መካከል እንንጠራራለን። እኔ ሁልጊዜ ከኋላ ነበርኩ። የመዳብን አረንጓዴ፣ የፖታሺየምን ሐምራዊ ያየሁት በመስኮቱ መስታወት ላይ ሲያንጸባርቅ ነው። ፈተና ላይ ግን ቀለሞቹን በትክክል ጻፍኩና ጥሩ ውጤት አገኘሁ። ያላየሁትን አውቃለሁ ብዬ መመረቄ ይከነክነኝ ነበር። ስለዚህ የገበታ ጨው፣ ከአሮጌ የኤሌክትሪክ ሽቦ የፋቅሁት የመዳብ ዝገት፣ ወርቅ ሠሪው ለማቅለጥ ከሚጠቀሙበት ቦራክስ የለመንኩት ቁንጣሪ ሰበሰብኩ። የሳል ሽሮፕ ጠርሙሶችን አጥቤ በየአንዱ ላይ ስሙን ጻፍኩ። ከአልጋዬ በላይ ያለች ጠባብ መደርደሪያ ሞላች።

ጥንቁቅ ነኝ፤ አስቀድሜ ሕጉን ጠይቄያለሁ። ወረዳ ሄድኩ፣ ከዚያ ወደ ሌላ ቢሮ ላኩኝ። እዚያ ያገኘሁት ሰውዬ ማኪያቶውን እያማሰለ ሰማኝ።

«ምንድን ነው የምታመርቺው?»

«ምንም። ለማየት ነው።»

«ለማየት የሚሰጥ ፈቃድ የለም። ለአስመጪ አለ፣ ለፋብሪካ አለ፣ ለትምህርት ቤት አለ። አንቺ የትኛዋ ነሽ?»

«አንድ ሰው ነኝ» አልኩት።

አጠገቡ ያለችው ሴት ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሰውዬው ግን ክፉ አልነበረም፤ ከልቡ ሊመክረኝ ፈለገ። «ስሚ እህቴ፣ ርችት፣ ባሩድ፣ የሚፈነዳ ነገር እንዳትነኪ፤ እሱ ቀልድ የለውም፣ ወኅኒ ነው። ሌላውን በተመለከተ ካላፈነዳሽ ማንም አይጠይቅሽም። ካፈነዳሽ ደግሞ ፈቃድ ቢኖርሽም አያድንሽም።»

ከዚያ ቢሮ ስወጣ ሕጉ ለእኔ ቦታ እንዳላዘጋጀ ገባኝ። አልከለከለኝም፣ አልፈቀደልኝም፤ የሆነ ነገር ሲፈጠር ብቻ ዞሮ ያየኛል። ስለዚህ የራሴን ሕግ አወጣሁ። የሚፈነዳ የለም፣ የሚጨስ የለም። ከጨው ማንኪያ በላይ የለም። ሕፃን ግቢ ውስጥ ካለ ቡታጋዙ አይለኮስም። በየበዓሉ ጎረምሶች እየመጡ «ኬሚስቷ፣ አንድ ርችት ሥሪልን፣ ሰፈሩን እናነቃቃው» ሲሉኝ እምቢ እላለሁ። አንዱ «ኬሚስት አይደለሽማ፣ ጨው ቸርቻሪ ነሽ» ብሎኝ ሄደ። ያ አባባል ተወዶለት ለወራት ሲነገር ከረመ።

ወርቅ ሠሪው ቀደም ሲል ፒያሳ ላይ ሱቅ ነበራቸው። መንገዱ ሲሰፋ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ የሥራ ጠረጴዛቸውን፣ ወናፋቸውንና ወርቅ የሚፈትሹበትን አሲድ ይዘው ቤታቸው ገቡ። ፈቃዳቸው ለሱቁ እንጂ ለመኖሪያ ቤት እንዳልሆነ ግቢው ሁሉ ያውቃል፤ ማንም አላነሳባቸውም። እንዲያውም ተከበሩ። የእኛም ግቢ ሊፈርስ ነው ሲባል የኮሚቴው ሰብሳቢ አድርገው መረጧቸው። ምትክ ቤት የሚያገኘው በእርግጥ እዚያ የኖረ ሰው ስለሆነ፣ ማን ነዋሪ እንደሆነና እንዳልሆነ ለወረዳው የሚመሰክሩት እሳቸው ሆኑ። የአክስቴ ቤት የኪራይ ውል በሟች ባሏ ስም ነበር፤ ስሙን ሳታዛውር ዓመታት አልፈዋል። የእሳቸው ቃል ከሌለ ሜዳ ላይ እንደምትቀር ታውቃለች። ስለዚህ ቀልዳቸው ሁሉ ያስቃት ነበር።

እኔም የምጠብቀው ነገር ነበረኝ። አፍንጮ በር አካባቢ ያለ አንድ የግል ትምህርት ቤት የላብራቶሪ ረዳት ሊቀጥረኝ ተስማማ። ርዕሰ መምህሯ ክፍሉን ከፍታ አሳየችኝ፤ እያንዳንዱ ጠረጴዛ የራሱ ቧንቧ አለው። «ከወንጀል ነፃ መሆንሽን የሚገልጽ ማስረጃ አምጪ፣ ከበዓሉ በኋላ ጀምሪ» አለችኝ። አሻራ ሰጠሁ። ማስረጃውን ከአዲስ ዓመት በኋላ ውሰጂ ተባልኩ። በስሜ መዝገብ እንዳይከፈት ብቻ ነበር የሚያስፈልገኝ፤ ያ ደግሞ ለእኔ ቀላል መሰለኝ። ከሰው ጋር ተጣልቼ አላውቅም።

የአዲስ ዓመት ዋዜማ ጠዋት የሽንት ቤቱ ጽዳት ተራ የእኛ ነበር። ለበዓል ሁሉም ቤት በረኪና ያዋጣል። ውሃ አይጨመርበትም፤ እንዳለ ይደፋና በሩ ተዘግቶ «ይረፍበት» ተብሎ ይተዋል። ግቢያችን ንጽሕናን የሚለካው ዓይን በማቃጠሉ ነው። አክስቴ የተዋጣውን ሁሉ ደፍታ፣ ባልዲዋን ይዛ በሩ አጠገብ ቆማ ነበር። እኔ ቧንቧው ጋ ጆግ አጥባለሁ።

የፖሊስ መኪና በሞንታርቦ እየተናገረ ከላይ መጣ። ርችት መተኮስ፣ ማምረትና መሸጥ የተከለከለ ነው፤ በመኖሪያ ቤት ተቀጣጣይና አደገኛ ኬሚካል ያስቀመጠ ይጠየቃል፤ ቤት ለቤት ፍተሻ ይደረጋል። በቡሄ ሰሞን ከመንገዱ ማዶ የሆነ ነገር ፈንድቶ የአንድ ካፌ መስታወት ረግፎ ስለነበር ሰው ሁሉ ጆሮውን ሰጠ። ከዚያም ዞረው እኔን አዩኝ።

«ኬሚስቷ፣ ላንቺ ነው የሚለፈልፉልሽ!» አለች አንዷ ከመስኮት።

ፈገግ ለማለት ሞከርኩ። ወርቅ ሠሪው ግን አልሳቁም። ቤታቸው ገቡ። ሲወጡ በጋቢያቸው ሥር የደበቁት ነገር ነበር፤ ወደ ሽንት ቤቱ ሲያልፉ የጠርሙሱን አንገት አየሁ። ያ ጠርሙስ ቦራክስ ልለምን በገባሁ ቁጥር ጠረጴዛቸው ሥር የማየው ነው።

ጆጉን ጥዬ ተነሳሁ። «ጋሼ፣ እዚያ አይድፉት። በረኪና አለበት።»

አልሰሙኝም፤ ወይም ሰምተውኛል። ድምፄን ከፍ አደረግሁ፤ ለእኔ ከፍታ ነበር። «ጋሼ! አሲድና በረኪና አይገናኝም! መርዝ ይሆናል!»

ዞር ሳይሉ «በበዓል ቀንም ታስተምሪያለሽ?» አሉ።

አክስቴ ሳቀች። በሩን ራሷ ከፈተችላቸው። «ይግቡ ጋሼ፣ አይስሟት፤ ስትተኛም ፎርሙላ ነው የምታወራው።»

እሳቸው ከበሩ ሳይገቡ እጃቸውን ዘርግተው ደፉና ባዶውን ጠርሙስ ጉድጓዱ ውስጥ ጥለው ፈጥነው ተመለሱ። አክስቴ በሩን ለመዝጋት ጎንበስ አለች። መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው። ከዚያ ከበሩ ሥር ቢጫ አረንጓዴ ጢስ መሬት ለመሬት ወጣ። አክስቴ አንድ ጊዜ ሳለች፣ ሁለተኛውን መጨረስ አቃታት፤ እጆቿን ደረቷ ላይ አድርጋ በጉልበቷ ወደቀች።

ነጠላዬን ውሃ ነክሬ አፌን ሸፍኜ ሮጥኩ። ከብብቷ ይዤ ጎተትኳት። ከባድ ነበረች፤ ነፋሱ ወዳለበት ወደ ግቢው በር እስካደርሳት ድረስ ማንም አልረዳኝም። ሁሉም ልጁን ይዞ ወደ መንገድ ይሮጥ ነበር። ከመንገዱ ጩኸት መካከል የመጀመሪያውን ድምፅ ለየሁት። የወርቅ ሠሪው ነበር።

«ኬሚስቷ! ኬሚስቷ ጨረሰችን!»

ሌሎቹም ተቀበሉ። ቀልድ ሆኖ የኖረ ስም ስለነበር ከማንም አፍ ለመውጣት አልከበደም።

የፖሊስ መኪናው ገና ምኒልክ አደባባይ አልደረሰም ነበር፤ ተመለሰ። አክስቴን በላዳ ታክሲ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዷት። እኔን በሩ ላይ አቆሙኝ። መርማሪው ቀጭን፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነበር። መደርደሪያዬን አወረዱለት። የሽሮፕ ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ አንስቶ ስማቸውን አነበበ።

«ይሄ ይፈነዳል?»

«አይፈነዳም። ጨው ነው።»

«ይሄስ?»

«ዝገት ነው። የመዳብ።»

«ዝገት በጠርሙስ ታስቀምጫለሽ?» አለና ወደ ባልደረባው ዞሮ «ሰው ይጥላል፣ እሷ ታጠራቅማለች» አለ። ሳቁ። ከኋላቸው የተሰበሰበው ሰውም ሳቀ፤ እያሳለ የሳቀም ነበር።

የሆነውን ነገርኩት። ቃሉ እየተሰባበረ ወጣ፤ ግን ጨረስኩት። አሲዱ የማን እንደሆነ፣ በምን እንደተሸፈነ፣ ማን እንደደፋው። መርማሪው ወርቅ ሠሪውን ጠራቸው።

«አባቴ፣ አሲድ አለዎት?»

«እኔ?» አሉ፣ ባዶ እጃቸውን እያሳዩ። «ሱቄ ከፈረሰ ቀለበት እንኳ አላጠብኩም። ቤቴን ይፈትሹ። ልጅቷ አንባቢ ናት፣ አልፈርድባትም። ሐሳቧ ክፉ አይደለም፤ ትንሽ ይበዛባታል።»

ቤታቸው ተፈተሸ። ምንም አልተገኘም። ጎረቤቶቻችንን አየሁ። አሲዱን የማያውቅ አልነበረም፤ ጥርሳቸውን በወርቅ ያሠሩ፣ የጋብቻ ቀለበታቸውን በዚያ አሲድ ያስፈተሹ ነበሩ። አንዷ ልጇን አቀፈች፣ አንዱ ስልኩን አወጣ። ምትክ ቤት የማይፈልግ ማንም አልነበረም።

መርማሪው ወደ ጎን ወሰደኝ። «እውነቱን ልንገርሽ» አለ። «መደርደሪያሽ ላይ ባለው ነገር አልከስሽም፤ ጣይው እልሻለሁ፣ ያበቃል። የሰው ሕይወት ላይ አደጋ ማድረሱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በሩ ላይ የነበረችው አክስትሽ ናት። አንቺ እንዳልሆንሽ ትናገር፣ አሁኑኑ ቤትሽ ትገቢያለሽ። ካልተናገረች መዝገብ እከፍታለሁ።»

ደስ አለኝ። ያን ያህል ሞኝ ነበርኩ። አክስቴ ምላሷ መራራ ነው፣ ግን አይታለች፤ ከዚያ ጢስ ያወጣኋትም እኔ ነኝ። በመኪናው ውስጥ እስከ ጤና ጣቢያው ድረስ የማስበው ትምህርት ቤቱን ነበር።

ስንደርስ የወርቅ ሠሪው ባለቤት አልጋዋ አጠገብ ተቀምጠው ብርቱካን ይልጡ ነበር። ሲያዩን ተነሱ። «ጠንክሪ እህቴ» አሏት አክስቴን፣ ትራሷን እያስተካከሉ። «ስለ ቤቱ አታስቢ። ጋሽዬ እኮ ለማንም ሳይሆን ለአንቺ ነው የሚቆሙት።» እኔንም በሁለት ጉንጬ ስመውኝ ወጡ።

አክስቴ የኦክስጅን ጭንብሉን አነሳች። ዓይኖቿ ቀልተዋል። መርማሪው ወንበር ስቦ በለሆሳስ ጠየቃት።

«እናቴ፣ በሩ ላይ ነበሩ። ማን ደፋው?»

ጣሪያውን አየች። «ስንት ጊዜ ነገርኳት» አለች። «ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አትቀላቅዪ ብዬ። ሰሚ የለኝም።»

«እሷ ናት የደፋችው?»

«አክስቴ» አልኩ።

አላየችኝም። «ሌላ ማን ኬሚካል አለው?» አለች ለመርማሪው። «ግቢው የሚያውቃት በዚህ ነው። ስሟን ይጠይቁ።»

«ወርቅ ሠሪው እንደሆኑ ትላለች።»

«ጋሼ?» ሳል ያዛት። እስኪለቃት ጠበቅን። ሲለቃት «እሳቸው የተከበሩ ሰው ናቸው» አለችና ጭንብሉን መልሳ አደረገች።

«እሷ ናት» አላለችም። ምንም አላለችም ማለት ይቻላል። መርማሪው ግን ጻፈ። ሲጽፍ አንድ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ፤ እንዳዘነልኝ አውቃለሁ። ማዘኑ እጁን አላቆመውም።

በዓሉን በጣቢያ ዋልኩ። በግቢው ሴቶች ፈንታ ምሳ ዕቃ ይዘው የመጡት የወርቅ ሠሪው ባለቤት ነበሩ። ዶሮው የበዓል ዶሮ ነው፤ ለእኔ ብለው እንቁላል ጨምረውበታል። «ብዪ የኔ ልጅ» አሉኝ፣ «ማንም አልጠላሽም። አንቺ ልጅ ነሽ፣ ያልፍልሻል። እኛ ግን ከእንግዲህ ሱቅ አንከፍትም።» በዚያች አነጋገር ሁሉን አመኑልኝ። የሚሰማን ሌላ ሰው አልነበረም።

ዋስ ሆነው ያስወጡኝ ደግሞ ራሳቸው ወርቅ ሠሪው ናቸው። መታወቂያ ያለውና ሰፈር የሚያውቀው ሰው ያስፈልግ ስለነበር አክስቴ ለምናቸው መጡ። ጣቢያው በር ላይ ጋቢያቸውን አስተካክለው ከጎኔ መሄድ ጀመሩ። በየመንገዱ ለሚያገኙት ሰው «ዋስ ሆኜላት ነው» ይሉ ነበር። ሰውም ይመርቃቸዋል። ለእኔ «አመስግኚ እንጂ» ይለኛል።

ማስረጃውን ልወስድ ስሄድ በመስኮቱ በኩል ያለችው ልጅ ስሜን ፈልጋ «በሂደት ላይ ያለ መዝገብ አለብሽ፣ ሲዘጋ ነይ» አለችኝ። መቼ እንደሚዘጋ ጠየቅኋት። «እኔ ምን አውቃለሁ?» ብላ ከኋላዬ ያለውን ጠራች። ትምህርት ቤቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ሊጠብቅ አልቻለም። ርዕሰ መምህሯ በስልክ በትሕትና ነው የነገረችኝ፤ ወላጆች ቢሰሙ ጥሩ አይደለም አለች።

ግቢው ሲፈርስ አክስቴ ከከተማው ዳር ባለ ኮንዶሚኒየም አንድ ክፍል አገኘች። ወርቅ ሠሪው ቃላቸውን ጠብቀዋል፤ ወረዳ ቀርበው፣ ባሏን ቀብረናል፣ እሷም ከዚህ ቤት ወጥታ አታውቅም ብለው መሰከሩላት። ዕቃ የምንጭንበት ቀን ፍራሹ ላይ ተቀምጣ ነበር። ደረቷ ከዚያ ወዲህ አልዳነም፤ ጥቂት ከተራመደች ያፍናታል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቅኋት። «ማን እንደደፋው አይተሻል?»

«አይቻለሁ» አለች። ለመዋሸት እንኳ አልሞከረችም። «በሩን የከፈትኩላቸው እኔ አይደለሁ?»

«ታዲያ ለምን?»

«አንቺ ወጣት ነሽ፣ ሥራ ሌላ ይመጣል። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ቤት ከየት አመጣለሁ?» ከዚያ ፊቴን አየችና ተናደደች። «ምን ታፈጪብኛለሽ? አንቺም የምትኖሪው እዚያው ቤት ውስጥ አይደለም እንዴ? ወይስ ከነኩራትሽ ጎዳና ልትወጪ ነው?»

የምሄድበት እንደሌለኝ ታውቃለች። እኔም አውቃለሁ። ስትጮህ ሳሉ ተነሳባት፤ እጇን ዘረጋች። በአፍ የሚሳበውን መድኃኒት ከቦርሳዋ አውጥቼ አፏ ላይ ያዝኩላት። በአንድ እጇ የእጄን አንጓ ጨብጣ ሳበችው፤ እስኪቀልላት ድረስም አለቀቀችኝም።